የቦሼ እጅ

ጥቅምት 4 ቀን 1957
ዛሬ ፀሐይ ጥሩ ነበረች። ሦስት የፀሐይ ሥዕል አወጣሁ። ሁለቱ ተበላሹ፣ አንዱ ግን... በሶዶ እንደኔ የሚያወጣ የለም። ያው፣ ሌላ የሚያወጣም የለም።
የማታ ትምህርት መምህራችን "በየቀኑ ትንሽ ትንሽ ጻፉ፣ አለዚያ ፊደሉ ጥሏችሁ ይሄዳል" ብሏል። እኔን ጥሎ የት ይሄዳል? የመንገድ ሥራ መጋዘን ዘበኛ ሻንቆ በአርባ ሁለት ዓመቱ ፊደል ሲጨርስ መምህሩ ራሱ ደንግጧል። ቢሆንም ልጻፍ።
ሥዕሉን ያስተማረኝ ሥራውን ጨርሶ የሄደው መሐንዲስ ነው። ሁለት ዱቄት በውሃ በጥብጦ ጨለማ ውስጥ ወረቀት መቀባት። ሲደርቅ ቅጠል አስቀምጦ፣ መስታወት ጭኖ ፀሐይ ማስመታት። ከዚያ በውሃ ማጠብ። ቅጠሉ ያረፈበት ነጭ ይቀራል፣ ሌላው ሁሉ ሰማያዊ። ሰዓት የለኝም። ፊደሉን ከሀ እስከ ፐ ሦስቴ እላለሁ፣ ይደርሳል።

ጥቅምት 9
የወሩን ልውውጥ ላክሁ። ሦስት ነን። ወልደመስቀል ይርጋለም ከተማ ፕላን ነዳፊ ነው፤ ዱቄቱንም የሚልክልኝ እሱ። አስካለች ሁምቦ ትምህርት ቤት መምህርት ናት። ያገናኘን ያው መሐንዲስ ነው፤ ሁለቱንም በዓይኔ አላየኋቸውም። ሕጋችን ለየሰዉ በወር አንድ ሥዕል፣ ጀርባው ላይ ምን እንደሆነና ምን ያህል ፀሐይ እንደመታው። እነሱ "ስምንት ደቂቃ" ይላሉ። እኔ "ፊደል ሦስቴ"።
ደብዳቤውን እንደ ሁልጊዜው ጀመርኩ። "እኔና ባለቤቴ ቦሼ ደህና ነን።"
ቦሼ ከሞተች ሦስት ዓመት ከአራት ወር ሆናት።

ጥቅምት 10
የትናንቱን አነበብኩት። እዚህ እንዴት ደረስኩ?
የማታ ትምህርት ቤት ሰሌዳ ላይ የደብዳቤ ናሙና ነበር። "እኔና ባለቤቴ ደህና ነን" ይላል። የመጀመሪያ ደብዳቤዬን ስጽፍ ከዚያ ገለበጥኩ፣ ስሟን ብቻ ጨመርኩ። ካልገባ ደብዳቤ የማይሆን መስሎኝ። ሁለቱም "ለወይዘሮ ቦሼ ሰላም በሉልን" ብለው መለሱ። ከዚያ በኋላ እንዴት ልግደላት? ይኸው ስምንት ወር በደብዳቤ ኖረች። ባለፈው ወር እንዲያውም ጉንፋን ይዟት ነበር፣ ተሻላት።

ጥቅምት 21
ኑሪ ሱቅ ሄድኩ። ሁምቦ ገበያ ዕቃ የሚያደርሰው ጋሪው ስለሆነ የአስካለች ደብዳቤ በሱ በኩል ነው የሚመጣው።
"ሻንቆ፣ ከመምህርቷ መጥቶልሃል። ወፍራም ነው። ልታገባህ ነው እንዴ?"
"ለምናኛለች። እያሰብኩበት ነው።"
"ፎቶህን ብቻ እንዳትልክላት። እስካሁን የታገሰችው ስላላየችህ ነው።"
ተሳሳቅን። ቤት ስገባ ሳቁ ደጅ ቀረ።
እንደ ጎመን ቀቅለን የምንበላውን የሀለኮ ዛፍ ቅጠል ነው አትማ የላከችው። ፍሬ ፍሬ የሚያህሉት ቅጠሎች አንዱም በሌላው ላይ አልተደረበም። እኔ ብሆን... እሺ፣ እኔም አልችልም። ደብዳቤዋ መጨረሻ ላይ፦ "በሚቀጥለው ወር የወይዘሮ ቦሼን ሥራ ማየት እፈልጋለሁ። እርስዎ ሲያትሙ እሳቸው ዝም ብለው የሚያዩ አይመስለኝም።"
ልክ ናት። ቦሼ ዝም ብላ አታውቅም።

ጥቅምት 25
አንድ ነገር አለኝ።
መሐንዲሱ መጀመሪያ ያሳየኝ ቀን ወረቀቱን አውጥቶ ላዩ ላይ የሚያስቀምጠው ነገር አጣ። ቦሼ ምሳዬን ይዛ መጥታ ነበር። እጇን ያዘና ወረቀቱ ላይ አሳረፈው። "እጄን ልታበስሉት ነው?" አለች። ሳቀች። አውራ ጣቷ ስለተንቀሳቀሰ ሁለት ጠርዝ አለው። ፎቶግራፍ ተነስታ አታውቅም። ከሷ የቀረኝ ይሄ ነው። ከምድጃው በላይ ሰቅዬው ጭስ ጠጥቷል።
ይህንን ብልክስ? አይተው ይመልሱልኛል። ብቻ እንዲህ ቆሽሾ አይላክም። ላጥበው።

ጥቅምት 26
አጠብኩት።
ጠፋ።

ጥቅምት 28
ውሃ አይጎዳውም፤ ስንቱን ሥዕል በውሃ አጥቤያለሁ። ጭሱ አልለቅ ሲል ግን የልብስ ሳሙና ጨመርኩ። ብልህ ነኝና። ዓይኔ እያየ ሰማያዊው ገረጣ፣ ቢጫ ሆነ፣ ከዚያ የቆየ ወረቀት ብቻ። ጣቶቿስ? ወደ ብርሃን ሳዘነብለው እንደ ጥላ ያለ ነገር አለ። ወይ እኔ ነኝ አለ የምለው...
ለሁለቱም ጻፍኩ። "የባለቤቴን እጅ ሥዕል በሳሙና አጥቤ ጠፋብኝ። መመለሻ አለው?"

ኅዳር 8
ከወልደመስቀል። "ጋሽ ሻንቆ፣ ይሄ ምን ያስጨንቃል? ወይዘሮ ቦሼ እጃቸውን እንደገና ያስቀምጡ። አዲስ ዱቄት ልኬያለሁ።"
ዱቄቱ ደርሷል። ጥሩ ዱቄት ነው።

ኅዳር 9
ወረቀት ቀባሁ። የራሴን እጅ አስቀመጥኩ። አውራ ጣቴን ሆን ብዬ አንቀሳቀስኩ። የዘበኛ እጅ ወጣ፣ እንደ አካፋ። የሷ ነው ብዬ ልልከው ነበር። ማን ያውቃል?
እኔ አውቃለሁ። ቀደድኩት።

ኅዳር 10
አምስት ጊዜ ጀምሬ ስድስተኛው ይሄ ነው፦ "መምህርት አስካለች፣ ቦሼ ከሞተች ሦስት ዓመት አልፏል። ደህና ናት ብዬ የጻፍኩት ሰሌዳ ላይ ስለነበረ ነው። ከዚያ የሚጠይቃት ሰው አገኘሁ፣ ደስ አለኝ። እጇን እንደገና ማስቀመጥ አትችልም።"
ቀልድ አልጨመርኩበትም። ተመልሼ ካነበብኩት አልልከውምና ሳላነብ አሸግሁት። ለወልደመስቀልም ያንኑ።

ኅዳር 17
ምንም።

ኅዳር 20
"ጋሪው መጥቷል። በቆሎ ብቻ ነው የያዘው" አለኝ ኑሪ። መልስ እንድሰጠው ጠበቀ። ወደ በሩ ዞርኩ።
"አሞሃል?"
"ደህና ነኝ።"
"ደህና ብትሆን ኖሮ ሰድበኸኝ ነበር።"

ኅዳር 24
መጣ። አንድ ገጽ አይሞላም።
"አቶ ሻንቆ፣ ወረቀቱን አልጣሉትም ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ። እኔም አንዱን እንዲሁ በሳሙና ገድዬ ነበር። ሳሙናው እስኪለቅ በንጹሕ ውሃ ደጋግመው ያለቅልቁት። ሻይ ቅጠል አብዝተው አፍልተው፣ ሲቀዘቅዝ ውስጡ ይንከሩት። ብዙ ሰዓት ይፈጃል። ሰማያዊው አይመለስም፣ ሌላ ቀለም ይመጣል። መጀመሪያ በማይቆጭዎት ሥዕል ይሞክሩ።"
ከሥሩ፦ "ስለ ወይዘሮ ቦሼ ይጻፉልኝ። ስለ እውነተኛዋ።"
ተመልሼ ኑሪ ጋ ሄድኩ። "ሻይ ቅጠል፣ ሁለት እሽግ።"
"ይሄ ሁሉ? እንግዳ አለብህ?"
"አዎ" አልኩ።

ኅዳር 25
መጀመሪያ የእንሰት ቅጠል ቁራጭ ያለበትን የተበላሸ ሥዕል በሳሙና ገደልኩና ሻይ ውስጥ ከተትኩ። ተመለሰ። ከዚያ የሷን። በሁለት እጄ ይዤ አጠለቅሁት።
ምንም የለም። ፊደሉን ጀመርኩ። ሦስቴ፣ ምንም። ስድስቴ፣ ምንም። ስንተኛው ላይ እንደሆነ ተምታታብኝ፣ ዙሪያው ጠቆር አለ። አንድ ጣት። ሁለት። አምስቱም። አውራ ጣቷ ከነሁለት ጠርዙ።
ሰማያዊ የነበረው ቡናማ ሆኗል። ነጭ የነበረው እጇም ሻዩን ጠጥቶ ጠይሟል። ድሮስ ቦሼ መቼ ነጭ ሆና ታውቃለች?

ታኅሣሥ 3
ወልደመስቀል ይቅርታ ጠይቆ ጽፏል። ጠያቂው እኔ መሆን ነበረብኝ።
ለወሩ ልውውጥ የራሴን እጅ አትሜ ላክሁ። ጀርባው፦ "የሻንቆ እጅ። ፊደል ሦስቴ።" የሷ አይላክም። ከምድጃው ራቅ አድርጌ ሰቅዬዋለሁ።
ለአስካለች "እኔ ደህና ነኝ" ብዬ ጀመርኩ። ከዚያ በኋላ ያለው ሰሌዳ ላይ አልነበረም። ቦሼ ምሳዬን ይዛ ስትመጣ ሳቋ ቀድሟት ይደርስ ነበርና ከዚያ ቀጠልኩ። ሦስት ገጽ ሄደ። ምሳውን ገና አላቀበለችኝም።