መንደሯ የጠፋችበት ካርታ

ወገዳ፣ ጥር 19 ቀን 1964 ዓ.ም.

የፈንጣጣ ከታቢዎቹ ዛሬም ማንንም ሳይከትቡ ተመለሱ። በሽታው የገባባትን መንደር እኔ ባነሣሁት ካርታ ላይ አጧት፤ መንገድ የጠየቁት ሰው ሁሉ አላውቅም ይላል። ገደሉንና ወንዙን በትክክል አንሥቻለሁ። የመንደሮቹን ስም ግን ከባላገሩ ጠይቄ ነበር የጻፍሁት።

የደብሩን መሪጌታ አስጠርቼ ካርታውን አሳየኋቸው። አነበቡና ሳቁ።

«ያን ጊዜ ለግብር መሬት ሊለኩ የመጡ መስሎን የሌለ ስም ነገርንዎ። ይህችን ስም እንዲያውም ያወጣኋት እኔ ነኝ።»

«መሪጌታ፣ ልጆች እያለቁ ነው።»

«የእኛው ልጆች ናቸዋ። ካርታውን ይቅደዱት፤ ያኔ ከታቢዎቹን እኔው እመራለሁ።»

የሁለት ዓመት ድካሜን ፊታቸው ቀደድሁት። በትራቸውን አንሥተው ከታቢዎቹን አስከትለው ወጡ።

አዲስ አበባ ብዙ ቅጂ እንዳለ አልነገርኋቸውም።