ያልፈታኋት ስፌት

ይድረስ ለእማዬ፤

እንደምን ከረምሽ? ጉልበትሽ እንዴት ነው? ያ ክረምቱን ሙሉ ሲያስጨንቅሽ የነበረው ሳልስ ለቀቀሽ? እኔ በጣም ደህና ነኝ። ከስታለች፣ ጠቁራለች ብሎ የነገረሽ ሰው ካለ ዋሽቶሻል። ፊደሌን እንዲህ ያገዘፍኩት ደግሞ ወረቀት ስለተረፈኝ ነውና ሌላ ነገር እንዳታስቢ።

የላክሽልኝ ጥቅል በሰላም ደርሶኛል፤ እጅሽ ይባረክ። ስለ ሰፋሽልኝ ቀሚስ ኋላ እመጣበታለሁ። መጀመሪያ በወንድሜ በኩል ስለላክሽብኝ መልእክት እንነጋገር። አገሯ ናፍቋት ነው ድምጿን ያጠፋችው፣ ይበቃታል፣ ትመለስ ብለሻል አሉ። ድምፄን ያጠፋሁት ሥራ በዝቶብኝ ነው። ደግሞም አልመለስም። ይኸው ቁርጡን ነገርኩሽ።

ክልል ተሻግሬ የመጣሁት ለምን እንደሆነ አንቺም እኔም እናውቃለን። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ አጠገብሽ ተቀምጬ ቁልፍ ስተክል፣ ስዘመዝም፣ ስተኩስ ኖርኩ። መቀሱን ግን አንድ ቀን አላስነካሽኝም። ጨርቅ የሚቆርጠው የቤቱ ባለቤት ነው እያልሽ ወገብሽ ላይ አስረሽው ትዞሪ ነበር። ሠላሳ ዓመት ሞልቶኝ እንኳ በደንበኛ ፊት ስፌቴን በአውራ ጣትሽ ዳሰስ ታደርጊና፣ ቀና ብለሽ እንኳ ሳታዪኝ "ፍቺው" ትዪኝ ነበር። አንዲት እጅጌ ሰባት ጊዜ አስፈትተሽኛል። እዚህ ልብስ ፋብሪካ በገባሁ በሁለተኛው ሳምንት መቀስ ሰጡኝ። ቆረጥኩ፤ አልጠመመብኝም። እንድታውቂው ያህል ነው።

ናፍቆቱን አልክድሽም። ግን አንቺ የምታስቢው ዓይነት አይደለም። አየሩ፣ ውሃው ምናምን አይደለም፤ አየርም ውሃም እዚህ ሞልቷል። የሚናፍቀኝ ያ በጉልበት ካልገፉት አልከፈትም የሚለው የሱቃችን በር ነው። እዚህ የተከራየኋት ክፍል በር በጣት ነካ ሲያደርጉት ይከፈታል። እኔ ሆዬ በመጀመሪያው ቀን እንደለመድኩት በጉልበቴ ብገፋው ከነማጠፊያው ገነጠልኩት። አከራዬ እስከ ዛሬ "በር ገንጣይዋ" ነው የሚሉኝ። ከግድግዳው ማዶ የጫማ ሰፊው መዶሻ ዝም ሲል ምሳ ሰዓት መድረሱን የምናውቅባት ነገርም ትናፍቀኛለች። እዚህ ምሳ የሚነግረኝ ደወል ነው፤ ጆሮ ይበጥሳል።

ከሁሉም የሚብሰውን ልንገርሽና ተገላገይ። "የልብስ ሰፊዋ ልጅ" መባሉ ናፈቀኝ። ያኔ ምን ያህል ያናድደኝ እንደነበር ታውቂያለሽ፤ የራሴ ስም የለኝም ወይ እያልኩ ስንቱን ተጣልቻለሁ። እዚህ የማን ልጅ እንደሆንኩ የሚያውቅ አንድ ሰው የለም። አጣምሜ ስሰፋ እንኳ ዝም ብለው ያልፉኛል። ሰው "ፍቺው" የሚለው በማጣቱ ያለቅሳል ብዬ አስቤ አላውቅም። እኔ አለቀስኩ። አንድ ቀን ብቻ ነው፣ ደስ አይበልሽ።

ቀይዋን ክር ግን አልተውኳትም። ልብስ ጨርሰሽ ከማስረከብሽ በፊት ከውስጥ በኩል፣ ገበሩ ሥር፣ ማንም በማያያት ቦታ "በጤና ይልበሰው" ብለሽ የምታሳርፊያትን አንዲት ስፌት። አለቃችን አገኛትና ይሄ ምንድን ነው አለኝ። የቤታችን ሥርዓት ነው አልኩት። ይሄ ቤትሽ አይደለም፣ ተዪ አለኝ። አልተውም አልኩት። ሁለት ሳምንት ዘጋኝ። ባለፈው ሰኞ የራሱን ኮት ይዞ መጥቶ፣ እስቲ ለእኔም አድርጊልኝ ብሎ ጠረጴዛዬ ላይ አኖረው። ማን እንዳሸነፈ አንቺ ፍረጂ።

አሁን ወደ ቀሚሱ እንምጣ። ጥቅሉን ከፍቼ መጀመሪያ ምን ያደረግኩ ይመስልሻል? ገልብጬ ቀይዋን ፈለግኩ። የለችም። ተቀይማኝ ምርቃቷን ነፍጋኛለች ብዬ አልጋዬ ላይ ዘፍ አልኩ። ኋላ መልሼ ብገለብጠው፣ በውጭ በኩል፣ ደረቱ ላይ ተሰፍታ አገኘኋት። ቀይም አልነበረችም። አረንጓዴ ናት፣ እማዬ።

ቁልፎቹን አየሁ። አንዱም ከቀዳዳው ጋር አይገናኝም። ወዲያው ለወንድሜ ደወልኩለት። ደህና ናት፣ ምንም አልሆነችም አለኝ። መርፌ ላይ ክር የሚያስገባላት ማነው ስለው ግን፣ ይዣት ልምጣልሽ ወይ አለኝ።

አንቺን አልጠይቅሽም። ብጠይቅሽም እንደማትነግሪኝ አውቃለሁ። ብቻ ስሚኝ። ክፍሌ ትልቅ መስኮት አላት፤ ፀሐይዋ ሞቅ ታደርጋለች፣ ለጉልበትሽ ጥሩ ነው። እሱ ሥር ሁለት ወንበር አስቀምጫለሁ። ወንድሜ የፊታችን ቅዳሜ ራሱ ይዞሽ ይመጣል፤ ተነጋግረን ጨርሰናል፣ እንዳትሟገቺው። መቀስሽንም ይዘሽ ነይ፣ እዚህ ያሉት ደነዞች ናቸው። አልሰጥም ካልሽም ወገብሽ ላይ እንደታሰረ ይምጣ። ከሥራ ስመለስ ለሰፈር ሰው ልብስ መስፋት ጀምሬያለሁ። አጠገቤ ቁጭ ብለሽ በአውራ ጣትሽ ዳሰስ ታደርጊውና "ፍቺው" ትዪኛለሽ። እፈታለሁ። ሰባት ጊዜም ቢሆን እፈታለሁ፤ አጉረመርም ይሆናል እንጂ እፈታለሁ።

ያቺን አረንጓዴ ግን አልፈታኋትም። ቁልፎቹን በመርፌ ቁልፍ አያይዤ ቀሚሱን ዛሬ ለብሼው ሥራ ዋልኩ። አጠገቤ የምትሰፋዋ ልጅ ደረቴን አየችና፣ ይቺ ክር በስህተት ወደ ውጭ ወጥታለች፣ ልፍታልሽ ወይ አለችኝ።

"እንዳትነኪያት" አልኳት። "እናቴ ስፌት ተሳስታ አታውቅም።"

እንግዲህ ዕድሜና ጤና ይስጥልኝ። መንገዱን ያቅናልሽ፣ ደጄን በሰላም ያስረግጥሽ። በሩን ግን በጉልበትሽ እንዳትገፊው፤ ገና አሁን ነው ያሠራሁት።

የልብስ ሰፊዋ ልጅ