ኮምፒውተርዎ ከውድድሩ ለምን እንደ ቀረ

ለተከበሩ የኮምፒውተር ፋብሪካው ባለቤትና ዋና ሥራ አስኪያጅ፣
ባሉበት፤

ጤናዎ እንዴት ሰንብቷል? ይልቁንም ድምፅዎ እንዴት አለ? ያለፈውን ሳምንት ሙሉ በሬዲዮም በጋዜጣም በየስብሰባውም በመጽሔታችን ላይ ሲጮኹ ስለ ሰነበቱ፣ ጉሮሮዎ እንዳይጎዳብን እኔም ባልደረቦቼም አጥብቀን ሰግተናል። ቤተሰብዎ፣ ሾፌርዎ፣ የቢሮዎ ምንጣፍና በግድግዳው ላይ የተሰቀሉት የራስዎ ፎቶግራፎች ሁሉ ደህና እንደሆኑ ተስፋ አደርጋለሁ።

እኔ የመጽሔቱ የኮምፒውተር ሙከራ ክፍል ኃላፊ ነኝ። የምሠራው ምድር ቤት፣ መስኮት በሌለው ክፍል ውስጥ ስለሆነ እንደ እርስዎ ያለ ትልቅ ሰው እንዲያስታውሰኝ አልጠብቅም። ግን አንድ ጊዜ ተገናኝተናል፤ በዚያን ዕለት እግሬን ረግጠውኝ አልፈዋል። ይህን እንደ ቅሬታ እንዳይቆጥሩብኝ አደራ፤ ያነሣሁት ትውውቃችንን ለማስታወስ ብቻ ነው።

እንደሚያውቁት፣ ባለፈው እትማችን የኢንተርኔት ሰርቨሮችን አወዳድረን ነበር። ሰርቨር ማለት ብዙ ሰው በአንድ ጊዜ አንድን ድረ ገጽ ሲከፍት ገጹን ለሁሉም የሚያድል፣ ቀንም ሌሊትም የማይጠፋ ኮምፒውተር ነው፤ ይህን የምጽፈው ለአንባቢዎቻችን እንጂ ለእርስዎ አይደለም፣ እርስዎ ሳያውቁት እንደማይሸጡት እገምታለሁ። በውድድሩ ሰንጠረዥ ላይ የሁሉም አምራቾች ስም ሲኖር የእርስዎ የለም። ለምን እንደሌለ በአደባባይ ጠይቀውናል። እኛ እንኳ ገመናዎን ሸፍነን ዝም ብለን ነበር፤ ነገር ግን የተከበረ ሰው ጠይቆ መልስ ሲያጣ ነውር ነውና፣ በመግለጫዎ ያነሷቸውን ሦስት ነጥቦች በየተራ እመልሳለሁ።

አንደኛ፣ «አልተጋበዝንም» ብለዋል።

ምናልባት ግብዣችን ግብዣ አይመስል ይሆናል። የሕዝብ ግንኙነት ኃላፊዎ ግን ግብዣው እንደ ደረሰው በሦስት የተለያዩ ስልኮች ደውሎ ነግሮናል፤ ሰውየው ሥራ ወዳድ ነው። መጀመሪያ ሙከራው በእናንተ ፋብሪካ፣ በእናንተ ሠራተኞች እንዲካሄድ ጠየቀ። እሱ ሳይሆን ሲቀር ዳኞቹን እርስዎ እንዲመርጡ ጠየቀ። ያም ሳይሆን ሲቀር ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ታናሽ እህትዎ ያቋቋሙት ፋብሪካ ከውድድሩ ቢወጣ ምን ይመስለናል ሲል አማከረን።

አንባቢ ግር እንዳይለው ልጨምር። እህትዎ ለዓመታት የእርስዎ ፋብሪካ የንድፍ ክፍል ኃላፊ ነበሩ። ተጣልታችሁ ሲወጡና በአንድ አሮጌ ጋራዥ ውስጥ የራሳቸውን ሥራ ሲጀምሩ እርስዎ በሠራተኞች ፊት «ግድ የለም፣ መጥረጊያ ይዛ ትመለሳለች» ማለትዎን በከተማው ያልሰማ የለም። መጥረጊያውን አዘጋጅተው እስከ ዛሬ በር ላይ ቆመው ከሆነ፣ ክንድዎ ሳይዝል አይቀርምና ከልብ እናዝናለን።

እህትዎን አናስወጣም አልን። ከዚያ በኋላ ሰርቨሩን ላካችሁ። ስለዚህ ተጋብዘዋል፣ መጥተዋልም። ይህንን እዚህ ላይ እንዝጋው።

ሁለተኛ፣ «ሰርቨሩን ያለ ፈቃዳችን ሰርቆ የወሰደው የተባረረ መሐንዲስ ነው» ብለዋል።

ሌብነት ስንት ዓይነት እንደሆነ እርስዎ ከእኔ ይበልጥ ያውቃሉና አልከራከርዎትም። እኔ የማውቀው ያየሁትን ብቻ ነው። ዕቃው የመጣው የድርጅትዎ ስም በተጻፈበት መኪና፣ የድርጅትዎ ባነር ተወጥሮበት፣ ከድርጅትዎ ፎቶ አንሺ ጋር ነው። እርስዎም ራስዎ ስልክ ደውለው ሁላችንም በምንሰማው ድምፅ «ሌሎቹን በጣም እንዳታዋርዷቸው፤ እነሱም እንጀራ ይብሉ» ብለው ቀልደዋል። እኛም ስቀናል። እንዲህ ያለ ስርቆት፣ ባለቤቱ ደውሎ የሚመርቀው፣ በሕይወቴ የመጀመሪያዬ ነው።

«ሌባው»ን በሚመለከት ግን ትንሽ እንድዘረዝር ይፍቀዱልኝ። ጋሽ ቀስ ይባላሉ፤ ዕቃ በተነሣ ቁጥር ተሸካሚዎቹን «ቀስ! ቀስ በሉ!» ስለሚሉ የወጣላቸው ስም ነው። ሰርቨሩን ከመጀመሪያው ንድፍ እስከ መጨረሻው ብሎን የሠሩት እሳቸው ናቸው። በዚያን ዕለት ሳጥኑን ከጠረጴዛው ላይ አስቀምጠው፣ መሐረባቸውን አውጥተው በላዩ ላይ የነበሩትን የጣት አሻራዎች አበሱ። እኔም ከኋላው አንድ በባዶ ቆርቆሮ የተደፈነ ቀዳዳ አይቼ ምን እንደሆነ ጠየቅኋቸው።

«እዚህ ጋ ሁለተኛ ፓወር ሰፕላይ ነበራት፤ በአንዱ በኩል መብራት ቢቋረጥ በሌላው እንድትቆይ» አሉኝ። ቆይተው ደግሞ ወደ መሬት እያዩ፣ «‹ከፊት ለፊት አይታይ፣ ለማን ነው?› ተባለና ወጣ» አሉ።

ማን እንዳለ አልነገሩኝም፤ እኔም አልጠየቅሁም። ከፊት ለፊት ለማይታይ ነገር ግድ የሌለውን ሰው ለመገመት ብዙ አያስቸግርም።

ሦስተኛ፣ «ውጤቱ ለእህቴ ተሸጠ» ብለዋል።

ይህ ነጥብ ረዘም ያለ ምላሽ ስለሚፈልግ ይቀመጡ፤ ሻይም ይዘዙ።

በመጀመሪያው ቀን የፍጥነት ሙከራ አደረግን። የእህትዎ ሰርቨር አንደኛ፣ የእርስዎ ለጥቂት ተበልጦ ሁለተኛ ወጣ። ሌሎቹ እነዚህን ሁለቱን ከሩቅ ነበር የሚያዩዋቸው። በማግስቱ የጠየቅነው ሌላ ነበር፤ እጅግ ብዙ ጎብኚ በአንድ ጊዜ ሲግተለተል የትኛው ሳይንገዳገድ ይቆያል የሚለውን። ጋሽ ቀስ እጃቸውን አጣምረው ከኋላ ቆመዋል። እህትዎ ከወዲያኛው ጥግ በርጩማ ላይ ተቀምጠው፣ የብሎን መፍቻ ካቻቢቴ በጃኬታቸው ኪስ ውስጥ እንዳለ፣ ብስኩት ይበላሉ። በሩ ተበርግዶ እርስዎ ከነሾፌርዎ፣ ከነሕዝብ ግንኙነትዎና ከነፎቶ አንሺዎ የገቡት ሙከራው ሲጋመስ ነው።

የትናንቱ ወሬ ደርሶዎት ነበር። «ሁለተኛ? እኔ? ያውም ከእሷ በታች?» አሉ።

ጋሽ ቀስ አንድ እርምጃ ቀረብ ብለው «ጌታዬ፣ ትንሽ ቢታገሱ፤ ዛሬ እኮ…» ሲሉ ጀመሩ።

«አንተ ዝም በል! ወይ አንደኛ ነው ወይ የለሁበትም!»

ከዚህ በኋላ ነው እግሬን የረገጡት። ከመደርደሪያው ጀርባ ዘልቀው ገብተው፣ አንድ ገመድ በሁለት እጅዎ ይዘው መነጨቁት። ምንም አልሆነም። መብራቶቹ ይበራሉ፣ ማራገቢያዎቹ ያጉረመርማሉ፣ ጎብኚዎቹ ይስተናገዳሉ። እርስዎም ገመዱን በእጅዎ እንደያዙ፣ ግራ ገብቶዎት ቆሙ።

ያኔ እህትዎ ብስኩታቸውን ዋጥ አድርገው በረጋ ድምፅ «ጋሼ፣ የነቀልከው የኔን ነው። ያንተ ከጎኑ ያለው ነው» አሉዎት።

ፎቶ አንሺዎም፣ የለመደበት ነውና፣ ጠቅ አደረገ። ሰውየውን እንዳያባርሩት እለምናለሁ፤ እርስዎ የምርቃት ሪባንም ሆነ ገመድ ይዘው በቆሙ ቁጥር እንዲያነሣ ያስለመዱት ራስዎ ነዎት። የእህትዎ ሰርቨር በሁለተኛው ገመዱ ሥራውን ቀጠለ። እንደ ደንባችን መብራት በድንገት ሲቋረጥ የሚሆነውን በሦስተኛው ቀን ልንፈትን ነበር፤ ድካማችንን አይተው ያለ ክፍያ ስለፈተኑልን መጽሔታችን ከፍ ያለ ምስጋናውን ያቀርባል።

ቀጥሎ የራስዎን አገኙትና ነቀሉት። ያ ወዲያው ጠፋ። ተሸካሚ ጠርተው ይዘውት ከመውጣታቸው በፊት ጋሽ ቀስ መዳፋቸውን ክዳኑ ላይ ጭነው፣ ሙቀቱ እስኪወርድ ድረስ ቆዩ። እርስዎ ደረጃው ላይ ደርሰው ስለነበር አላዩም።

ያላለቀ ሙከራ አይታተምም፤ ደንባችን ነው። ሰንጠረዡ ላይ የሌሉት በዚህ ምክንያት ነው። ሻጭም ገዢም የለበትም። እህትዎ ግን አንደኛ መውጣታቸው በተነገራቸው ጊዜ ደስ አላላቸውም፤ እስከ ዛሬም በዚህ ድል አንዲት ማስታወቂያ አላሠሩበትም። እርስዎ ቢሆኑ ከተማውን በባነር ይሸፍኑት እንደነበር ሳስብ፣ ሁለታችሁን አንድ ማሕፀን ማፍራቱ ይደንቀኛል።

እስከዚህ ድረስ ዝም ልል እችል ነበር። ጋሽ ቀስ «ያለ ፈቃድ ንብረት አውጥተዋል» ተብለው በዲሲፕሊን ኮሚቴ ፊት ሲቀርቡ ግን በምስክርነት ተጠርቼ ፋብሪካዎ መጣሁ። ኮሪደሩ ላይ ካለው አግዳሚ ወንበር ተቀምጬ ተራዬን ስጠብቅ በሩ ተከፈተና ጋሽ ቀስ ኮታቸውን በክንዳቸው አድርገው ወጡ።

«አልቋል፣ ምስክር አያስፈልግም አሉ። በከንቱ አደከምኩሽ፣ ልጄ» አሉኝ።

የሚያጽናና ቃል ስፈልግ እሳቸው ቀደሙኝና «እውነቱን ንገሪኝ፤ ስትነቀል ስንተኛ ነበረች?» ሲሉ ጠየቁ።

«አንደኛ» አልኳቸው። «ከሁሉም በላይ። የእህትየዋን ሳይቀር ጥላት ሄዳ ነበር።»

አዎን፣ ክቡርነትዎ። በዚያች ደቂቃ፣ እርስዎ በሁለት እጅዎ በነቀሏት ደቂቃ፣ ሰርቨርዎ እየመራች ነበር። «ዛሬ እኮ…» ብለው የጀመሩት ሰውዬ ሊነግሩዎት የፈለጉት ይህንኑ ነበር። የሰው አፍ ባይዘጉ ኖሮ፣ ዕድሜ ልክዎን ሲያልሙት የኖሩት አንደኛነት እጅዎ ላይ ነበር።

ጋሽ ቀስ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው ጥቂት ቆዩ። ሲመለሱ ዓይናቸው ቀልቷል፤ ግን ያሉኝ ይህ ነው፦ «ለሳቸው እንዳትነግሪ፤ ይጎዳሉ።»

ቃል ገባሁላቸው። ጠበቅሁትም፤ እርስዎ በሬዲዮ ቀርበው እኚያን ሰው «ሌባ» እስኪሏቸው ድረስ። ልጃቸው ያን ፕሮግራም የሰማችው ታክሲ ውስጥ፣ ከሥራ ጓደኞቿ ጋር ተቀምጣ ነው። ሳትደርስ ወርዳ ቀሪውን መንገድ በእግሯ እንደሄደች ስሰማ፣ ቃሌን ማፍረስ እንዳለብኝ ገባኝ። ጋሽ ቀስን ግን አስቀድሜ ይቅርታ ጠይቄያቸዋለሁ፤ እርስዎን አልጠይቅም።

የቀረውን ባጭሩ ልንገርዎት፤ ከሌላ ሰው ቢሰሙት ይከፋዎታልና። ጋሽ ቀስ ከሳምንታት ማመንታት በኋላ የእህትዎን ጥሪ ተቀብለው እዚያ እየሠሩ ነው። እሳቸው ከሄዱ ወዲህ ከንድፍ ክፍልዎ የሚወጣው ሰው እየበዛ ሄዶ፣ አሁን በዚያ ፎቅ መብራት የሚያበራ የሚገኘው የሕዝብ ግንኙነት ቢሮ ውስጥ ብቻ ነው አሉ። የእርስዎ ሥራ ዞሮ ዞሮ መግለጫ ማውጣት ስለሆነ ብዙም እንደማይጎድልዎት አምናለሁ።

ማስታወቂያዎን ከጀርባ ሽፋናችን በማንሣትዎ ዋና አዘጋጃችን ደንግጠው «ይቅርታ ጻፊላቸው» ብለው አዘውኝ ነበር። ጽፌ ያመጣሁላቸው ይህንን ነው። ሁለቴ አነበቡት፤ መነጽራቸውን አወለቁ፤ ሲጨነቁ እንደሚያደርጉት ጆሯቸውን አሹ። በመጨረሻ፣ መጽሔታችን ሰው አይሳደብም ብለው አንድ ባለ ሁለት ፊደል ቃል ብቻ ሰርዘው እንዲታተም ፈቀዱ። የቱ ጋ እንደነበረ ልነግርዎት አልችልም፤ ግን እርስዎ በየትኛውም መስመር ቢያስገቡት ይገጥማል።

ለሰጡን ሰፊ ትምህርት፣ ለእህትዎ ለሰጧቸው መሐንዲስ፣ ለመጽሔታችንም ላስገኙለት አዳዲስ አንባቢዎች ባለውለታዎ መሆናችንን እየገለጽኩ፣ ዘመንዎ ተወዳዳሪ የሌለበት እንዲሆን ከልብ እመኛለሁ።

ከታላቅ አክብሮት ጋር፣
የሙከራ ክፍሉ ኃላፊ፣ ከምድር ቤት

ማስታወሻ፦ ይህን ጽፌ ስጨርስ ክብርት እናትዎ ወደ ቢሯችን ደውለው «ልጄ ስንተኛ ወጣ?» ሲሉ ጠየቁኝ። ሳይጨርስ ወጥቷል ብዬ በትሕትና አስረዳኋቸው። አልተገረሙም። «ተይው እናቴ፤ ትምህርት ቤትም እያለ የፈተና ቀን ሲደርስ ሆዱን ይቆርጠው ነበር» አሉኝ። አሁንስ ተሻለዎት?