እውነተኛው ሥር

ቡታጅራ፣ ኅዳር ፲፬ ቀን ፲፱፻፷፭ ዓ.ም.

ለምወድሽ እህቴ ለዘይባ
ድሬዳዋ

አሰላሙ ዐለይኩም! አንቺ፣ ባልሽ ጀማሉ፣ ልጆቹስ እንዴት ናችሁ? እኔ አልሐምዱሊላህ፣ በጣም ደስ ብሎኛል። እማዬ አሸነፈች! ቁጭ ብለሽ አንብቢው።

የጤና ሹሙ «መድኃኒትሽ ሳይመረመር ለሰው እንዳትሰጪ» ብሎ እማዬን እንደከለከላት ጽፌልሽ ነበር። ከመስቃን ገጠር ወገቡን ይዞ የመጣው ሁሉ ከደጃችን ሲመለስ እሷ ፊቷን ወደ ግድግዳ ታዞር ነበር። አልቻልኩም፤ ከማስተምርበት ትምህርት ቤት ፈቃድ ጠይቄ፣ የሰጠችኝን ቅጠል ቋጥሬ አዲስ አበባ ላቦራቶሪ ሄድኩ። አቶ ኃይሌ የሚባል መርማሪ ተቀበለኝ። የሚመረመረው በአይጥ ነው፤ ያውም በነጭ አይጥ! ለግማሾቹ ውሃ፣ ለግማሾቹ የቅጠሉን ጭማቂ ያጠጡና ሞቅ ያለ ብረት ላይ ያቆሟቸዋል። ሕመሙ የተሰማው እግሩን ልሶ ይዘላል፤ መድኃኒቱ የያዘለት ይቆያል። የኛዎቹስ? ከውሃ ጠጪዎቹ እኩል ዘለሉ። አንዱማ ቀድሟቸው! መሬት ብትውጠኝ ደስ ባለኝ።

ቤት ገብቼ ስነግራት ታለቅሳለች ስል ሳቀች።

«የሰጠሁሽ እኮ መሸፈኛውን ነው።»

ለካስ መድኃኒት ዐዋቂ ሁሉ ከእውነተኛው ጋር የሌባ ዓይን የሚያሳስት ቅጠል ይቋጥራል!

«እማዬ! ያን ሁሉ መንገድ በባዶ ላክሽኝ?»

«ባዕድ ካየው ኃይሉ ይሞታላ።»

«አይጥ አይታ ለማን ልትናገር ነው?»

«ኃይሌ የምትይውስ ዕውር ነው?»

ተኳርፈን አደርን። በማግስቱ ግን ራሷ ጠራችኝ፤ ጆሮዬን ወደ አፏ ስባ የእውነተኛውን ሥር ስም ነገረችኝ። የት እንደሚበቅል ብነግርሽ ትስቂያለሽ፣ ግን ወረቀት ላይ አይወርድም። አያታችን ለእሷ በጆሮዋ የነገረቻት መቼ እንደነበር ታስታውሺያለሽ፤ በዚያው ሳምንት ነው የቀበርናት። ተይው፣ ይሄ የደስታ ደብዳቤ ነው።

እማዬ ራሷ ነቅላ የሰጠችኝን ሥር ይዤ ወደ ላቦራቶሪው ተመለስኩ። ውሃ የጠጡት ወዲያው ዘለሉ። የኛዎቹ ቆሙ፣ ዘይባ! ግራ ቀኝ እያዩ፣ እንደ ገበያ ሽማግሌ! አቶ ኃይሌ ሰዓቱን አየ፣ ደግሞ አየና «አውርዷቸው፣ እግራቸው እንዳይቃጠል!» ብሎ ጮኸ። እልልታዬን ሳቀልጠው ሰው ከየክፍሉ ወጣ። ሌላ ቀንም ደገሙት፤ ያው ነው። የእማዬን ፍርሃት ነግሬው ስለነበር አቶ ኃይሌ «ባዕድ አየው፣ አልሞተም በያቸው» አለኝ። ለእማዬ ስነግራት ምን ብትል ጥሩ ነው? «የእኔ ሥር ጀግና ስለሆነ ነው!»

ሹሙ የላቦራቶሪውን ወረቀት አይቶ ክልከላውን አነሳ። ደጃችን ዛሬ ሰርግ ቤት መስሏል፤ ከቡኢ ድረስ ሰው መጥቷል። የምቀዳው እኔ ነኝ፤ እማዬ ከመደቡ ላይ ሆና ታዝዘኛለች።

ደግሞ፣ ዐዋቂ የራሷን መድኃኒት አትጠጣም ትል አልነበር? ሰሞኑን ማታ ማታ አንድ ሲኒ ታስቀዳኛለች። «በደንብ መቀመሙን ልቅመስ ብዬ ነው» ትላለች። እኔም እሺ ብዬ እቀዳለሁ።

የሥሩን አነቃቀል ደንብ ግን አልነገረችኝም። «እሱ የዘይባ ነው፣ በጆሮዋ» ብላለች። እንግዲህ ልጆቹን ለጀማሉ ትተሽ በመጀመሪያው ባቡር ተሳፈሪ። ከስንት ሌሊት በኋላ ትናንት ጠጥታ እስኪነጋ ድረስ ሳታቃስት ተኛች። ይሠራል፣ እህቴ። እውነት ይሠራል።

የእማዬ ዱዓ ከፊትሽ ይቅደም፤ አላህ መንገዱን ያሳጥርልሽ።

እህትሽ ሳሌሃ