ገጽ ዘጠኝ

ዘጌ፣ የካቲት ፳፫ ቀን ፲፱፻፸፮ ዓ.ም.

ይድረስ ሶፊያ ከተማ ላለችው ልጄ ለአደይ ወልደ ሐዋርያት፤

ልጄ ሆይ፣ የዚያ አገር ብርድ እንዴት ይዞሻል? እኛ ለክፉ አልሰጠንም። ሐይቁ ሸሽቷል፣ ቡናው ተለቅሟል። እናትሽም ጤነኛ ናት፤ ብቻ እኔን ማነጋገር ካቆመች ዛሬ ስድስተኛ ቀኗ ነው። ምክንያቱን ወደ ታች ታገኚዋለሽ።

ስለ ጥንት መነኮሳትና ስለ ብራና ለልጆች የጻፍሽው ባለ ሥዕል መጽሐፍ ባሕር ዳር ደርሷል፤ አንዱ ቅጂ አሁን እጄ ላይ ነው። «አባባ፣ እንደገና ሊታተም ነውና ስህተቱን አርመው ይላኩልኝ» ብለሽኝ ነበር። እሺ፣ አርማለሁ። የማርመው ግን አንጀቴ እያረረ ነው።

ሥዕሉን የሣለው የዚያው አገር ሰው መነኩሴ አይቶ አያውቅም። ቆባቸውን አውልቆ፣ አናታቸውን መሐል ለመሐል ላጭቶ፣ የወፍ ላባ አስጨብጧቸዋል። በላባ ጆሮ ይኮረኮራል እንጂ ዳዊት አይጻፍበትም። እኛ መቃ ቀርፀን ነው የምንጽፈው። ወንበርና ጠረጴዛም ሰጥቷቸዋል፤ ጸሐፊ መሬት ተቀምጦ፣ ብራናውን ጉልበቱ ላይ አድርጎ እንደሚጽፍ ሳትነግሪው ቀርተሽ ነው? ፍየሏን ደግሞ ቃጭል ያንጠለጠለች ነጭ በግ አድርጓታል። ቆዳው ውኃ ውስጥ ሰንብቶ ሲወጣ፣ ተወጥሮ ሲፋቅ የሚሸተውን ሽታ የትም ገጽ ላይ አላገኘሁትም። ሥራችን ይገማል፣ ልጄ። አንቺም በደጄ ስታልፊ አፍንጫሽን ትይዢ ነበር። እሱ ያንን ሁሉ አጥቦ አበባ በአበባ አደረገው። አስጠላኝ።

ባለፈው ቅዳሜ የባህል ጉዳይ ኃላፊው ጓድ ክንዱ እኔንና እናትሽን ባሕር ዳር አስጠራን። አዳራሹ በልጆች ተሞልቷል። መጽሐፉን እየገለጠ ጮክ ብሎ ያነባል፣ እኔ «የሙያው ሰው» ተብዬ ከፊት ተቀምጫለሁ። ላባው ሲመጣ አጉረመረምሁ፣ በጓ ስትመጣ ሳቅሁ። ከዚያ ገጽ ዘጠኝ መጣ።

ወፍራሙ መነኩሴ ዘወር ሲል፣ አንዲት ትንሽ ልጅ ብዕሩን አንስታ ብራናው ዳር ላይ «ሀ» ብላ ትጽፋለች። እሱ ይመለሳል። እጇን በዱላ ይመታታል፣ ፊደሏን በቢላ ይፍቃል። «የሴት እጅ ብራና ያበላሻል» ይላታል። ልጆቹ በመነኩሴው ሳቁበት። እኔ ግን ቃሉን አወቅሁት፤ መነኩሴ ሆኜ አላውቅም እንጂ የተናገርሁትስ እኔ ነኝ።

«መሪጌታ፣ እንዲህ ያለ ነገር ነበር?» አለኝ ጓድ ክንዱ።

«በጭራሽ። ውሸት ነው» አልሁ፣ ያ ሁሉ ልጅ እያየኝ።

«እንግዲያው በጽሑፍ ይስጡኝ። ደራሲዋ የራስዎ ልጅ ናት፤ አባቷ ውሸት ነው ካሉ እንደገና ሲታተም ገጹ ከመጽሐፉ ይወጣል» አለ።

ደስ አለኝ። አሁን ከላባውም ከበጓም ይልቅ የሚያቅለሸልሸኝ ያ ደስታዬ ነው።

በታንኳ ስንመለስ እናትሽ ፊቷን ወደ ውኃው አዙራ ተቀመጠች። ግማሽ መንገድ ላይ፣ «ያን ዕለት የአደይን እጅ በቅቤ ያሸሁ እኔ ነኝ። የአፍ ወለምታ ግን በቅቤ አይታሽም» አለችኝ። ከዚያ ወዲህ ቃል አልወጣትም።

አንቺም የማታውቂው ነገር አለ። ያን ፊደልሽን ስፍቀው ብራናው ሳሳ። የሳሳ ቦታ ላይ ቀለም ይፈስሳል፣ ስለዚህ ዙሪያውን ጽፌ እሱን ባዶ ተውሁት። ዳዊቱ እስከ ዛሬ በቤተ ክርስቲያናችን ይደገምበታል። እዚያ ገጽ ላይ የደረሰ ሁሉ፣ «መሪጌታ፣ ይኼ ባዶ ምንድን ነው?» ይለኛል። «ፍየሏ ቁስል ነበረባት» እላለሁ። ሃያ ዓመት ሙሉ በፍየል አላከክሁ፣ ልጄ። ሰው ራሱን ይህን ያህል ሊጸየፍ እንደሚችል አላውቅም ነበር።

ትናንት ከቅዳሴ በኋላ ለቄስ ወልደ ገብርኤል ዳዊቱን ገልጬ አሳየኋቸው። «የፍየል ቁስል አይደለም፤ የልጄ ፊደል ነበረበት፣ እኔ ፋቅሁት» አልኋቸው። ቄሱ ጣታቸውን ባዶው ላይ አሳረፉ። «ትንሽ ነበረች» አሉኝ።

እንግዲህ እርማቴ ይኸው። ላባው መቃ ይሁን። ወንበርና ጠረጴዛው ይውጣ። በጓ ፍየል ትሁን፣ ቃጭሏም ይቅር። ለመነኮሳቱ ቆባቸው ይመለስ። ገጽ ዘጠኝን ሦስት ጊዜ አነበብሁት፤ ስህተት የለበትም። ለጓድ ክንዱም ይህንኑ ጽፌ ሰድጃለሁ።

ኪዳነ ምሕረት ያን እጅሽን ከብርድም፣ እንደ እኔ ካለውም ሰው ትጠብቅልሽ።

አባትሽ፣
መሪጌታ ወልደ ሐዋርያት