የአሥራ ሦስተኛው አልጋ ርክክብ

ይድረስ ለምወድህና ለማከብርህ ወንድሜ፣

ወንድምዓለም፣ እንደምን ሰንብተሃል? ጉልበትህ ብርዱን እንዴት ቻለው? ያ ስትጎነበስ የሚይዝህ ወገብህስ ለቀቀህ? ባለቤትህ ደህና ናት? ልጆቹስ እንዴት ናቸው? ጥያቄ ያበዛሁብህ ወድጄ አይደለም፤ የሁላችንንም ጤና ትጠይቅ የነበረችው እታለም ስለነበረች፣ ካረፈች ወዲህ ሥራው በእኔ ላይ ወድቋል። እማዬ ደህና ናት፤ ዓይኗ ደከም ቢልም ምላሷ እንደ ድሮው ነው። እኔም ከናፍቆትህ በቀር ደህና ነኝ ብዬ ልጽፍልህ ነበር፤ ግን ውሸት ይሆንብኛል። ከናፍቆቱ ሌላ ቅናት ይዞኛል። በሞተ ሰው ይቀናል ወይ ብለህ ትስቅ ይሆናል። ሳቅ፣ ግን እስከ መጨረሻው አንብበኝ።

መጀመሪያ ውሸቴን ልናዘዝ። ባለፈው ስትደውል የእታለምን ሰዓት ለሆስፒታሉ ሰጠሽ ወይ ብትለኝ ሰጥቻለሁ አልኩህ። አልሰጠሁም ነበር። ያቺ በመርፌ ቁልፍ ደረቷ ላይ የምትሰካት፣ ተገልብጣ የምትንጠለጠል ባለ መሙያ ሰዓት እኔ ትራስ ሥር ነበረች። የነርሶቹ አለቃ ማትሮኗ ሁለት ጊዜ ሰው ልከውብኛል፤ ሃያ ሁለት ዓመት በሠራችበት ክፍል ግድግዳ ላይ እንስቀላት ነው የሚሉት። አንተም ስጫቸው አልክ። ለአንተ ቀላል ነው። እኔ ግን በሆዴ፣ ሰዋችንን እንደሆነ በቁሟ ወስዳችኋታል፣ ሰዓቷን እንኳ ብትተዉልኝ ምን አለበት እል ነበር።

ነገሩ የባሰብኝ ለቅሶው ላይ ነው። አንተ ስላልነበርክ ልንገርህ። ቤቱ ሞልቶ ግቢውም አልበቃ አለ፤ ግማሹን ሰው አላውቀውም። አንድ ሽማግሌ ልብስ ሰፊ እጄን ይዘው፣ እህትሽ እንዲህ ነበረች፣ እህትሽ እንዲያ ነበረች እያሉ ግማሽ ሰዓት ነገሩኝ። ለቀባሪው አረዱት ይሏል ይኼ ነው። የእግራቸውን ቁስል ስታጥብላቸው፣ መድኃኒት አልወስድም፣ ስኳር ከያዘ ወዲያ ምን ሕይወት አለ ብለው ቢያስቸግሯት፣ እጅጌዋን ሰብስባ መርፌ የምትወጋበትን ቦታ አሳየቻቸው አሉ። እኔ ይኸው ከልጅነቴ ጀምሮ ከእሱ ጋር እየኖርኩ አይደለም ወይ አለችኝ አሉ። እኔ ከእሷ ጋር አንድ ክፍል ውስጥ ስተኛ ነው ያረጀሁት፤ መርፌዋን ስትወጋ ሁልጊዜ ፊቷን ወደ ግድግዳ ታዞር ነበር። ለእኔ ጀርባዋ፣ ለልብስ ሰፊው ምስጢሯ። ሁሉም ሲስተር፣ ሲስተር ይላታል። ያለችኝ አንዲት እህት፣ እሷንም ከሕዝብ ጋር ተካፈልኳት። አንተም ብትሆን አትድንም፤ ከአንተ ጋር በስልክ ስታወራ የምትስቀውን ሳቅ ለእኔ ስቃልኝ አታውቅም።

ቅናቴ ዛሬ የጀመረ አይምሰልህ። እሷ አሥራ አንድ፣ እኔ ሰባት ዓመቴ ሳለ በሽታዋ ከታወቀ ጀምሮ የቤቱ ዓይን ሁሉ እሷ ላይ ነበር። በላች ወይ፣ ጠጣች ወይ፣ አላባትም ወይ። እኔ ስወድቅ ግን ተነሺ ብቻ ነው። እሷ ሁሉን ችላ ዝም፣ እኔ በትንሽ በትልቁ አኩራፊ፤ የእናት ሆድ ዥጉርጉር ነው ትል ነበር እማዬ። ከሁሉ ያቃጠለኝ ከረሜላው ነው። ጣፋጭ አትብላ የተባለችው ልጅ፣ ስኳሯ ድንገት ሲወርድ እንድትመጠው ተብሎ ኪሷ በከረሜላ ይሞላል፤ ጤነኛዋ እኔ ምራቄን እየዋጥኩ አያለሁ። አንድ ቀን ጠዋት ኪሷ ገብቼ አራቱንም ሰረቅኳቸው። የዚያኑ ዕለት ከትምህርት ቤት ስትመለስ ደረጃው ላይ ወደቀች። አንተ ነህ ተሸክመህ ያስገባሃት። ኪሷ ሲፈተሽ ባዶ ሆነ፤ እማዬ ረስታ ነው ብላ ስትቆጣት እሷም አዎ ረስቼ ነው አለች። እኔ በሩ ሥር ቆሜ ነበር፤ አራተኛው ከረሜላ ገና አፌ ውስጥ ነበር። ይኸን እስከ ዛሬ ለማንም ተናግሬ አላውቅም።

ከዚያ ቀን ወዲህ በየጠዋቱ ማንም ሳያየኝ ኪሷ ውስጥ አራት ከረሜላ እከት ነበር። ነርስ ከሆነች በኋላም ጋዋኗን ተኩሼ ሳንጠለጥል አራቱን ጣል አደርጋለሁ። ኩላሊቷ ተዳክሞ፣ እግሯ አብጦ ሥራ በምትገባበት ጊዜ እንኳ አላቋረጥኩም። እሷም አንድ ቀን ከየት መጣ ብላ ጠይቃኝ አታውቅም። አላወቀችም ብዬ ተቀምጬ ነበር።

ባለፈው ማክሰኞ እማዬ አልጋዬን ስታነጥፍ ሰዓቷን አገኘችብኝ። ለሰው የኖረችውን ልጅ አንቺ ትራስ ሥር ልትቀብሪያት ነው ወይ ብላ አፈጠጠችብኝ። ሰዓቷን ቦርሳዬ ውስጥ ከትቼ ወጣሁ። እውነቱን ልንገርህ፣ የሄድኩት ልሰጥ አይደለም፤ ልጣላ ነው።

የደረስኩት ነርሶቹ ተራ በሚለዋወጡበት ሰዓት ነው። ክፍሉን ታስታውሰዋለህ፤ ስድስት አልጋ በዚህ፣ ስድስት አልጋ በዚያ፣ የሚያንጠባጥበው ቧንቧም እስካሁን ያንጠባጥባል። የምትወጣዋ ነርስ ለምትገባዋ ከአልጋ አልጋ እየዞረች በሽተኞቹን ታስረክባለች፤ ከዚያ መዝገቡ ላይ ሁለቱም ይፈርማሉ። ተረካቢ ያልፈረመለት አንድ በሽተኛ እንኳ ካለ፣ አስረካቢዋ ጋዋኗን አታወልቅም፤ ወደ ቤቷ አትሄድም። ሕጋቸው ነው። ማትሮኗ ፊቴን አይተው ለጠብ እንደመጣሁ ገባቸው መሰለኝ፣ ያለቀ መዝገብ አውጥተው ፊቴ ዘረጉት።

ወንድምዓለም፣ ከአሥራ ሁለቱ አልጋዎች በታች በእርሳስ፣ በራሷ እጅ ጽሑፍ፣ አልጋ አሥራ ሦስት ይላል። በሽተኛዋ ነርስ፤ ስኳር፤ ጠዋት ደህና ገብታለች። ኪስ፣ አራት ከረሜላ። ያስረከበችኝ፣ እህቴ። ከሥሩ ደግሞ ማታ የምትረከበኝ፣ እህቴ። ገለጥኩ፤ በማግሥቱም ያው ነው። ገለጥኩ፤ ያው ነው። ራሱን የረሳ ነርስ ሌላውን አይጠብቅም ትለን ነበር አሉኝ ማትሮኗ። መጀመሪያ መዝገብ አበላሸሽ ብለው ተቆጥተዋት፣ በኋላ ግን የክፍሉ ሰው ሁሉ እሷንም ጨምሮ አሥራ ሦስት መቁጠር ለምዶ ነበር። ተረካቢዋ ብቻ ስትፈርም አይተን አናውቅም ብለው ፈገግ አሉ።

ታውቅ ኖሯል። ከረሜላውን በየቀኑ ቆጥራ ትጽፈው ኖሯል። ምናልባት ያን የደረጃውንም ቀን ታውቅ ነበር። እዚያው ወንበር ላይ ተቀምጬ፣ ለቅሶው ላይ ያላለቀስኩትን አለቀስኩ። ከዚያ እንባዬን ጠርጌ እስኪርቢቶ ለመንኩ። በዚያና ማትሮኗ በጨመሩልኝ ሌላ መዝገብ ላይ፣ ተረካቢ እህቴ በሚልበት ሁሉ ከሰዓት በኋላውን ሙሉ ስፈርም ዋልኩ። እጄ እስኪዝል ፈረምኩ። ሰዓቷንም ሰጠኋቸው፤ ሰቅለዋታል። የምትሞላው ግን በእኔ እጅ ብቻ ነው፤ ማንም እንዳይነካት ብያለሁ፤ በየቀኑ እየሄድኩ እሞላታለሁ።

አንድ ነገር ቀረኝ። የዛሬ ሁለት ዓመት አንተ ለሦስት ሳምንት መጥተህ፣ በየምሽቱ የሆስፒታሉ በር ላይ እየቆምክ ወደ ቤት ታመጣት አልነበር? እዚያ ገጽ ላይ ስደርስ፣ ማታ የሚረከበኝ ወንድሜ ነው፣ በር ላይ ቆሟል ይላል። አሥራ ስድስት መስመር። እዚያም ቀናሁብህ። እነዚህንም ልፈርምባቸው እስኪርቢቶዬን አስጠግቼ ነበር፤ እጄ እምቢ አለኝ። ያንተን አልፈረምኩም። የእኔን ድርሻ ተረክቤ ወደ ቤት አስገብቻታለሁ። እዚያ ገጽ ላይ ግን እታለም ጋዋኗን አላወለቀችም፣ እየጠበቀችህ ነው። መጥተህ ፈርምላት።

ባለቤትህን ሳምልኝ፤ ለላከችው ሹራብ እማዬ መርቃታለች። ትልቋ ልጅህ ነርስ መሆን እፈልጋለሁ አለች የተባለው እውነት ከሆነ፣ ቁርሷን ሳትበላ እንዳትወጣ በልልኝ። ትንሹን ጉንጩን ሳምልኝ። እማዬ ስትስምህ፣ ጥርሴ ሳያልቅ ና ትልሃለች።

ታናሽ እህትህ፣ ተረካቢዋ

ከቤታችን፣ ከእታለም አልጋ ጠርዝ ላይ
ሰኔ ፲፩ ቀን