የኒኖ ሰፈር

ሰኞ

…ሰባት ነበሩ። አንዲት በቅሎ፣ አንድ ስልቻ የዘር ገብስ፣ አንዲት እርጉዝ። አባቴ ታሪኩን ሁልጊዜ እዚህ ላይ ያቆመው ነበር። አያቶቻችን ከመንዝ ተነሥተው ይህን ሜዳ ሲያዩ ምን አሉ? ብዬ ስጠይቀው «ራባቸው» ይለኝ ነበር። ሌላ የነገረኝ የለም።

ትዝ ያለኝ ሲኞር ኒኖ ዛሬ ስለ ወደፊቱ ስለጠየቀኝ ነው። ከመጣ ሁለት ሳምንቱ። ጣሊያን ከገባ ወዲህ ወታደር እንጂ አራሽ አይተን አናውቅም፤ ይህ ግን ሞፈር ይዞ መጣ። ከደብረ ብርሃን ወደ አንኮበር በሚወስደው መንገድ ዳር መሬት ተሰጥቶታል። ሚስት፣ ሁለት ወንድሞች፣ አንድ አማች፣ ስድስት ዶሮ። እኔ አስተርጓሚው ነኝ። ጣሊያንኛዬን የለቃቀምኩት አዲስ አበባ ከአንድ ጣሊያናዊ ግንበኛ ጋር ስሠራ ነው፤ ስለ ድንጋይና ስለ ኖራ አልታማም፣ ስለ ወደፊቱ ግን ቃል ያጥረኛል።

ካርታውን ሣሩ ላይ ዘረጋው። እዚህ ቤተ ክርስቲያን። እዚህ የባቡር ጣቢያ። እዚህ ፒያሳ፣ የገበያው አደባባይ።

«ከመቶ ዓመት በኋላ ይህ ታላቅ አገር አይሆንም?» አለኝ።

ፒያሳው ያረፈው በአክስቴ ቤት ላይ ነው። አልነገርኩትም። ለምን አልነገርኩትም?

ማክሰኞ

ችካል ስንተክል ዋልን። አሥራ አንዱ የተተከለው በአክስቴ ገብስ ውስጥ ነው። ገብሱ ለአጨዳ ዐሥር ቀን ይቀረዋል።

ሄጄ ነገርኳት። «እትዬ፣ ዓርብ የጣሊያኑ መቶ አለቃ ችካሉን ሊያይ ከከተማ ይመጣል። በችካሉ ውስጥ የተገኘ ቤት ለገበያ ተብሎ ይፈርሳል፤ ገብሱም የእነሱ ነው።»

«ሰዎቹ ስንት ናቸው?»

«አምስት።»

«ለአምስት ሰው ገበያ? ማን ሊሸጥ ማን ሊገዛ?»

ስለ ቤቷ አንድም ቃል አልተናገረችም። ይህ ነው ያስፈራኝ።

ረቡዕ

ችካሎቹ የሉም!

ከመጀመሪያውም ማሰብ ነበረብን። ኩበት በሚነድበት ሜዳ ላይ ደረቅ የጽድ እንጨት ጠርበን፣ አሹለን፣ ደርድረን ሄድን። አክስቴ ቤት ስደርስ ሽሮው ያለወትሮው በጠዋት በስሏል።

«እትዬ፣ አንቺ ነሽ?»

«እኔ ብቻ? ጎረቤቱ ሁሉ ሲለቅም እኔ ዘግይቼ ደረስኩ። ሦስት ብትደርሰኝ ነው።»

የምፈራቸው ነገሮች፦ ግርፋት። የቤቱ መቃጠል። አስተርጓሚው አብሯቸው ነው መባል። (አብሬያቸው ነኝ? ሽሮውን በልቻለሁ።)

ኒኖ አልተቆጣም። «ጅብ ችካል ይበላል?» አለኝ። «እዚህ አገር ጅብ የማይበላው የለም» አልኩት። በጣሊያንኛ የመጀመሪያ ውሸቴ ነው። ሰዋስው አልሳትኩም።

ከሰዓት በኋላ ሳንቃ አምጥቶ ለመንደሩ የሚሆን ስም በአማርኛ ጻፍልኝ አለኝ። እሱ መንደሩን «ኮሎኒያ» ይለዋል፤ ይህን በአማርኛ ምን ልበለው? ሰፈር አልኩት። በቀይ ቀለም፣ በትልልቁ ጻፍኩለት። ደስ አለው። እኔም፣ ምን ልዋሽ፣ ፊደሌን ወደድኩት።

ሐሙስ

አክስቴ ማንበብ ስለማትችል ሳንቃውን አነበብኩላት። «የኒኖ ሰፈር።» ገብስ በቁና እየሰፈረች ነበር፤ በሳቅ ቁናው ከእጇ አመለጠ።

«ሰፈር! የሚሰፍርማ ጦር ነው። ይሰፍራል፣ ጎተራ ያራግፋል፣ ይነሣል። እሰይ የኔ ሊቅ! ለካ የተማርከው ለቁም ነገር ኖሯል!»

እኔ አልሳቅኩም። አዲስ አበባ ትዝ አለኝ። እዚያ ሰፈሩ ሁሉ የሚጠራው ድንኳን ተክሎ ሊያድር በመጣ ሰው ስም ነው። ማን ተነሣ? ይህንኑ ነገርኳት።

የፈሰሰውን ገብስ መልቀም ጀመረች። እኔም አላቆምኩም። «እኛስ፣ እትዬ? ሰባቱ ሲመጡ ሜዳው ባዶ ነበር?»

«ባዶ ሜዳ የት ታውቃለህ? ከብት ነበረበት፣ በረት ነበረበት፣ ባለቤት ነበረው።» ቁናውን አነሣች። አየችው። «በሰፈሩት ቁና መሰፈር አይቀርም» ብላ እንደገና ሳቀች፤ አሁን ግን በቀስታ።

ኒኖ ሳቁን ሰምቶ መጣ። «ምን አለች?» መስፈር ማለት ድንኳን ተክሎ ማደርም፣ መኖርም፣ እህል መለካትም ነው ብዬ ላስረዳው ላብ በላብ ሆንኩ። ባርኔጣውን አወለቀና በእኔ በኩል ጠየቃት። አያቶቿ ያውቁ ነበር? ከዚህ ተነሥቶ አንኮበር ላይ ቤተ መንግሥት፣ ከዚያ አዲስ አበባ፣ ከዚያ አገር ሁሉ እንደሚሆን?

«ምኑን አውቀው!» አለች። «ያቺ እርጉዟ እግሬ አብጧል፣ ወንዙን አልሻገርም ብላ ቁጭ አለች። ጥለዋት አይሄዱ ነገር፣ ቀሩ። አገር የሆንነው በእሷ እግር እብጠት ነው በለው።»

አልኩት። እንባው እስኪወርድ ሳቀ። ሚስቱም ከባቡር ስትወርድ ልክ እንዲህ ቁጭ ብላ ነበር አለ። ከዚያ ካርታውን ዘረጋና «የእሷ ቤት የቱ ነው?» አለኝ።

ጣቴን ፒያሳው ላይ አደረግኩ። አላነሣሁትም።

ኒኖ ካርታውን አጥፎ ሄደ።

ዓርብ

መቶ አለቃው መጣ። «ችካሉ የታለ?» ኒኖን ሳይሆን እኔን ነው ያየው። ጅቡን ልጠራ አፌን ስከፍት ኒኖ ቀደመኝ።

«ገና አልተከልኩም።»

«ሁለት ሳምንት ሙሉ ምን ስትሠራ ነበር?»

«ዶሮዎቹ ብርድ ገብቷቸው ነበር።»

መቶ አለቃው አሽከርካሪው ፊት መሳቅ አልፈለገም፤ ግን አፍንጫው ሳቀ። የሰጠው ቀን እስከ ነገ ነው። ነገ ኒኖ ካልተከለ ወታደር ይተክላል፤ ከተተከለ ደግሞ በችካሉ ውስጥ ያለ ቤት ሰኞ ይፈርሳል።

መኪናው ከሄደ በኋላ ኒኖ ጽድ ሲጠርብ ዋለ። እርዳኝ አላለኝም። ዛሬ ያልተገረፍኩ መሆኔን ግን እዚህ ልጻፍ።

ቅዳሜ

ኒኖ አመዳዩ ገና ከሣሩ ሳይረግፍ መጣ። ችካሎቹን በብብቱ አቅፏል፣ መዶሻ በእጁ፣ ካርታውን በጥርሱ ነክሷል። ከኋላው ተከተልኩት። ወደ ገብሱ ይታጠፋል ብዬ ስጠብቅ በቀጥታ ወደ አክስቴ ቤት ሄደ።

አክስቴ ደጃፉ ላይ ቆማለች። ችካሎቹን አየች። እሱን አየች።

«እትዬ፣ ሲኞር ኒኖ…» ብዬ ስጀምር ኒኖ ካርታውን እንደነከሰ ራሱን ነቀነቀብኝ።

«ይግባ» አለች። «አንተ እዚያው ሁን።»

«ያለ እኔ በምን ቋንቋ ልትነጋገሩ?»

«አንተ ቃል ታበዛለህ።»

ኒኖ ጎንበስ ብሎ ገባ። አክስቴ ገብሱን አሻግራ አየች፣ ተከትላው ገባች፣ በሩንም ከውስጥ ዘጋችው። ካርታው ሲዘረጋ ሰማሁ፤ ቀጥሎ የአክስቴ ድምፅ፦ «ወዲያ! ከገብሱ ወዲያ!»